ሞተር መጋዝ ይዞ ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው ምን ይታጠቅ? ቢቆረጥስ ማን ያወርደዋል?

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «ሦስት ሆነን በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሕር ዛፍ እንቆርጣለን፤ ከተማ ውስጥም በየግቢው የረዘሙ ዛፎችን ወጥተን እንከረክማለን። ያለን አንድ ያገለገለ ሞተር መጋዝ፣ የግንባታ ሄልሜትና ከገበያ የገዛነው የናይለን ገመድ ነው። የአጎቴ ልጅ ለፋሲካ ከአሜሪካ ይመጣል፤ ሻንጣዬ የቻለውን ያህል የደኅንነት ዕቃ ላምጣላችሁ ብሎናል። ምን እናስመጣ? አንዳችን ዛፍ ላይ ሳለን ብንቆረጥስ ምን እናድርግ? ከምንሠራበት ቦታ ጤና ጣቢያ ለመድረስ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ደግሞም የ16 ዓመት ታናሽ ወንድሜ መጋዙን ልልመድ እያለ ይጨቀጭቀኛል።»

ወንድሜ፣ ከዕቃው በፊት ከሰዓቱ ልጀምር። የአዋቂ ሰው ሰውነት 5 ሊትር ገደማ ደም ይይዛል። የጭን ትልቁ የደም ቧንቧ ከተበጠሰ በ3 እና በ5 ደቂቃ መካከል ሕይወት ሊያልፍ ይችላል። ጤና ጣቢያችሁ ደግሞ 40 ደቂቃ ይርቃል። በመካከሉ ያለውን ጊዜ የሚሞላ ሌላ ሰው የለም፤ እናንተው ናችሁ። የተቆረጠው ሰው መሬት ላይ ከሆነ ይህ ከባድ ሥራ ነው። 10 ሜትር ከፍታ ላይ ተንጠልጥሎ ከሆነ ግን አስቀድሞ ያልተዘጋጀ ቡድን ምንም ሊያደርግለት አይችልም። ስለዚህ «ምን እናስመጣ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «የወጣውን ሰው ማን ያወርደዋል?» የሚለው ይመለስ።

ከሦስታችሁ በገመድ ዛፍ መውጣት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ የመውጣት ሥራ አትቀበሉ። መሬት ላይ ቆማችሁ የምትቆርጡትን ብቻ ያዙ። እንጀራችሁን መዝጋቴ አይደለም፤ ሁለተኛው ሰው እስኪለምድ ድረስ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ግቢ ውስጥ ግራቪሊያ ላይ የወጣ ወጣት ክንዱን በመጋዝ ተቆርጦ አይቻለሁ። በደንብ ታጥቆ ስለነበር አልወደቀም። ከታች የነበሩት ሠራተኞች ግን አንዳቸውም መውጣት አይችሉም ነበር፤ መሰላል ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት ሲሮጡ ልጁ በአንድ እጁ የሌላውን ክንድ ጨምቆ ተንጠልጥሎ ቆየ። ተርፏል። ያተረፈው ግን የገዛ ጣቶቹ ጥንካሬ ነው፤ ከታች የተዘጋጀ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ለአንድ ሰው እጅግ ምርጥ የሆነ ዕቃ ከምታስመጡ፣ ደረጃውን ያሟላ ቀለል ያለ ዕቃ ለሁለት ሰው አስመጡ።

የተጎዳን ሰው ከዛፍ ለማውረድ ሁለት መንገድ አለ። በአንደኛው፣ ሁለተኛው ሰው የራሱን መታጠቂያ አድርጎ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዛፉ ላይ በተሰቀለ ሌላ ገመድ ወጥቶ የተጎዳውን ይዞ ይወርዳል። በሁለተኛው፣ የወጪው ገመድ ከላይ ባለው ጠንካራ ባላ ላይ ዞሮ ወደ ታች ይመለስና ግንዱ ሥር በልክ እየለቀቀ በሚያወርድ የብረት መሣሪያ ይታሰራል፤ ከታች ያለው ሰው ሳይወጣ ገመዱን ቀስ እያለ ይለቅለታል። ለዚህኛው ገመዱ የከፍታውን ሦስት እጥፍ ይፈልጋል፤ 15 ሜትር ለሚወጣ ሰው 45 ሜትር ማለት ነው። ባላው ላይ የሚያርፈው ጫናም ወደ ሁለት እጥፍ ስለሚጠጋ ባላው በጥንቃቄ ይመረጥ። ግንዱ ሥር ወዳለው እስር ማንም መጋዝ ይዞ አይጠጋ። አንድ ነገር ግን አስተውሉ፦ ወጪው በሚቆርጥበት ጊዜ በአጭሩ የወገብ ገመድ ከግንዱ ጋርም ይታሰራል። ይህ ሁለተኛ እስር ካልተፈታ ከታች ያለው ሰው ገመዱን ቢለቅም የተጎዳው አይወርድም። መውጣት የሚችል ሁለተኛ ሰው የግድ ነው የምለው ለዚህ ነው። ሁለቱንም መንገዶች ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብላችሁ፣ ያለ መጋዝ፣ ደጋግማችሁ ተለማመዱ። የገመድ አወጣጡን ግን ከሠለጠነ ሰው ፊት ለፊት ተማሩ፤ በጽሑፍም ሆነ በቪዲዮ ብቻ የሚለመድ ነገር አይደለም።

ሌላም የሚያቻኩል ምክንያት አለ። ራሱን ስቶ ወይም ዝሎ በመታጠቂያ ላይ ሳይንቀሳቀስ የተንጠለጠለ ሰው ቁስል ባይኖረው እንኳ አደጋ ላይ ነው። ደሙ እግሩ ላይ ይጠራቀምና ወደ ልብና ወደ አንጎል የሚደርሰው ያንሳል። አእምሮው ካልሳተ እግሩን ያንቀሳቅስ፣ ግንዱን ይግፋ፣ የገመድ ቀለበት ላይ ቆም ይበል። ካወረዳችሁት በኋላ አስተኙት። «ወዲያው ካስተኛችሁት ይሞታል፤ ቁጭ አድርጉት» የሚል ምክር ለብዙ ጊዜ ይዘወተር ነበር፤ የብሪታኒያ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የጥናት ግምገማ ግን ምክሩን የሚደግፍ ማስረጃ አልተገኘም፤ የተለመደው የመጀመሪያ እርዳታ ይበቃል።

አሁን ወደ ሻንጣው እንግባ። ቦታ ቢጠብ የማይቀነሰው ዕቃ በኪስ የሚያዘው ነው፦ ቱርኒኬት፣ ማለትም በመጠምዘዣ የሚጠብቅ የደም ማቆሚያ ማሰሪያ። ለእያንዳንዳችሁ አንድ፣ ለመለማመጃ ደግሞ ሌላ አንድ። «ካት» በሚባል ስም የሚታወቀው ዓይነት 30 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ያወጣል። አስመስለው የተሠሩ ርካሽ ቅጂዎች በብዛት አሉ፤ መጠምዘዣቸው ሲጠብቅ ይሰበራል። የአጎትህ ልጅ ከታወቀ የሕክምና ዕቃ ሻጭ ይግዛ። ደም የሚያረጋ መድኃኒት የተነከረበት ጎዝም ጥቂት ጥቅል ያምጣ። እዚህ የምትገዙት ተራ ፋሻና ጎዝ፣ የላስቲክ ጓንትና የልብስ መቁረጫ መቀስ ቀሪውን ያሟላል።

ቀጥሎ ገመዱና መታጠቂያው። ከገበያ የገዛችሁት ገመድ ዕቃ ለመጫኛ የተሠራ ነው፤ «ናይለን» ቢባልም አብዛኛው ከሌላ ፕላስቲክ የተገመደ ሲሆን ሲፋተግ በሚፈጥረው ሙቀት ቶሎ ይለሰልሳል፣ ይቀልጣል። የዛፍ መውጫ ገመድ ከ11 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሲሆን፣ የአሜሪካ የዛፍ ሥራ ደረጃ አዲሱ ገመድ ቢያንስ 24 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ወደ 2,400 ኪሎ የሚጠጋ ጭነት እንዲችል ያዛል። መታጠቂያው የወገብ ቀበቶ ብቻ አይሁን፤ ጭንን የሚይዝ፣ ተቀምጠውበት የሚሠራበት፣ ለዛፍ ሠራተኞች የተዘጋጀ ይሁን። በግንባታ ላይ የሚታየው ጀርባው ላይ ቀለበት ያለው ዓይነት የወደቀን ሰው ለመያዝ እንጂ ተንጠልጥሎ ለመሥራት አልተሠራም። የሚያገናኙት የብረት መንጠቆዎች በራሳቸው የሚዘጉና ለመክፈት ከአንድ በላይ እንቅስቃሴ የሚጠይቁ ይሁኑ፤ የቅርንጫፍ ጫፍ ተራውን መንጠቆ ገፍቶ ይከፍተዋል። አጭሩ የወገብ ገመድ ውስጡ የብረት ሽቦ ያለው ቢሆን ከመጋዝ የተሻለ ይቋቋማል፤ ግን ፈጽሞ አይቆረጥም ማለት አይደለም፣ በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብም አይያዝ። ሞተር መጋዝ ዛፍ ላይ በሚነሳበት ቅጽበት ሁሉ ሰውየው በሁለት ቦታ የታሰረ ይሁን። አንዱ ገመድ በስሕተት ቢቆረጥ ሌላው ይይዘዋል።

ስለ ሄልሜት ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የግንባታ ሄልሜት የአገጭ ማሰሪያ ካለው፣ በአውሮፓ ደረጃ መሠረት ከ15 እስከ 25 ኪሎ በሚደርስ ጉተታ ሆን ተብሎ እንዲለቅ ይሠራል፤ ባለቤቱን እንዳያንቀው ነው። የተራራ መውጫ ሄልሜት ግን ሰው ሲወድቅ ጭንቅላቱ ላይ መቆየት ስላለበት ማሰሪያው 50 ኪሎ ያህል ይይዛል። ያላችሁን የግንባታ ሄልሜት መሬት ላይ የሚሠራው ያድርገው። ለሚወጣው ግን በሚወድቅበት ሰዓት ከራሱ ቀድሞ መሬት ይደርሳል።

ሱሪው ላይ ዘርዘር ልበል፤ ከሁሉም የሚናቀው እርሱ ነውና። የሞተር መጋዝ ሰንሰለት ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው በሴኮንድ ከ20 ሜትር በላይ ይሮጣል፤ በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። መከላከያ ሱሪ ይህን ፍጥነት በጥንካሬ አያቆምም። ከላይኛው ጨርቅ ሥር ረጃጅም ለስላሳ ክሮች ተደራርበው አሉ፤ ሰንሰለቱ ሲነካቸው ይመዛቸውና ወደ መዘውሩ ይዟቸው ይገባል፤ እዚያ ተጠምጥመው ሰንሰለቱን ቀጥ ያደርጉታል። ይህ የሚሆነው ክሮቹ እንደ ልብ መመዘዝ ከቻሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ሱሪው ሲቀደድ እስከ ውስጥ ድረስ አትስፉት፤ ስፌቱ ክሮቹን ይቸነክራቸዋል። አንድ ጊዜ ሥራውን የሠራ ሱሪ ይጣል። በረኪና አይንካው፣ በጋለ ካውያ አይተኮስ፣ ዘይት ጠጥቶ እስኪደርቅ አይቆይ። በአውሮፓ ምደባ ደረጃ 1 የሚባለው በሴኮንድ 20 ሜትር፣ ደረጃ 2 ደግሞ 24 ሜትር በሚሮጥ ሰንሰለት የተፈተነ ነው። የእግሩን ፊት ብቻ የሚከላከለው ዓይነት መሬት ላይ ለሚሠራ ሰው ይበቃል፤ ዛፍ ላይ ግን መጋዙ ከየትኛውም ወገን ሊመጣ ስለሚችል እግርን ዙሪያውን የሚሸፍነውን ምረጡ። በአሜሪካ በብዛት የሚሸጠው ከሱሪ በላይ የሚታሰር ሽርጥ ለመሬት ሥራ ጥሩ ነው፤ ሲወጡበት ግን ቅርንጫፍ ይይዘዋል። ቆላ የሚሠሩ ሰዎች ሱሪው ይሞቃል እያሉ ያማርራሉ፤ እናንተ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናችሁና በደብረ ብርሃን ብርድ ይህ ምክንያት አይሆንም።

የቀረውን በአጭሩ ላንሳ። የመጋዙ ጩኸት ከ100 ዴሲቤል በላይ ነው። በአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም ስሌት 100 ዴሲቤልን ያለ መከላከያ መስማት የሚቻለው በቀን ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የጆሮ መሸፈኛ ያስፈልጋል። ለዓይን መነጽር አድርጉ፤ ከሄልሜቱ ጋር የሚመጣው ወንፊት የእንጨት ብናኝ ስለሚያሳልፍ ብቻውን አይበቃም። ጣቱ ላይ ብረት ያለው የቆዳ ቦት ጫማ ከዚሁ ግዙ፤ ለሻንጣ ከባድ ነው። ነጠላ፣ የአንገት ልብስና የተንዘላዘለ እጅጌ ከመጋዝ ጋር አይሄድም።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ምክሬን ብትቀበለኝ ደስ ይለኛል፦ ዛፍ ላይ ሞተር መጋዙን ይዛችሁ አትውጡ፤ በጠማማ የእጅ መጋዝ ሥሩ። ጥርሱ ወደ ራስ ሲሳብ የሚቆርጠው፣ ሰገባ ያለው የመከርከሚያ መጋዝ የክንድ ውፍረት ያለውን ቅርንጫፍ ያለ ችግር ይጥላል። የግቢ ሥራ አብዛኛው ከዚህ አያልፍም። የእናንተ ሞተር መጋዝ መሬት ላይ በሁለት እጅ ሊሠራበት የተዘጋጀ ነው። ዛፍ ላይ የወጣ ሰው አንድ እጁን ቅርንጫፍ ለመያዝ ይፈልጋልና መጋዙን በአንድ እጅ ወደ መያዝ ይገባል፤ ብዙው አደጋ የሚመጣው ከዚያ ነው። የላማው፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት፣ ጫፍ ላይኛው ሩብ ከአንድ ነገር ጋር ሲነካካ መጋዙ ሰው ሊያስብ ከሚችለው በፈጠነ ጊዜ ወደ ላይና ወደ ባለቤቱ ይራገጣል፤ ፊትና አንገት ላይ ነው የሚያርፈው። የግራ እጅ አውራ ጣት የፊቱን መያዣ ዞሮ ከጨበጠና ክንድ ካልታጠፈ፣ እጁ መያዣውን አይለቅም፤ ሰንሰለቱን የሚያቆመው የፍሬን መከላከያም ይሠራል። በአንድ እጅ የያዘ ሰው ይህ ሁሉ የለውም።

ያገለገለ መጋዝ ስለሆነ ዛሬውኑ አራት ነገር ፈትሹ። ፍሬኑን ወደ ፊት ስትገፉት ሰንሰለቱ ወዲያው ይቆማል? ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ ብቻ ሲሠራ ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ይቆያል? የነዳጅ መስጫው የላይኛው መቆለፊያ ሳይጫን አይነቃነቅም? ከሰንሰለቱ ሥር ያለችው፣ ሰንሰለት ሲበጠስ የምትይዘው ትንሽ ጥርስ አለች? አንዱ እንኳ ከጎደለ መጋዙ እስኪጠገን ይቀመጥ። የደነዘዘ ሰንሰለትም አደጋ ነው፤ ሰውየው እየገፋ እንዲቆርጥ ያስገድደዋል።

ባሕር ዛፍ በመሬት ላይም የራሱ ጠባይ አለው። ያዘነበለውን ከኋላው ብቻ መቁረጥ ከጀመራችሁ ግንዱ ሳይጨርስ ወደ ላይ ተሰንጥቆ በኃይል ወደ ኋላ ይመታል። ከሚወድቅበት ወገን በቂ አፍ ክፈቱለት፣ መሐሉ ላይ ማጠፊያ የሚሆን እንጨት አስቀሩ፣ ከኋላ በኩል ወደ ጎን የሚወጣ የመሸሻ መንገድ መንጥራችሁ ጀምሩ። ሌላው ሰው ቢያንስ የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ይራቅ። የተላጠው ቅርፊት እርጥብ ሲሆን በጣም ያንሸራትታል፤ ዝናብ ካለ አትውጡ።

ከውጭ አገር በሚመጡ መመሪያዎች ውስጥ እምብዛም የማይነሳ፣ እኛ ዘንድ ግን ሰው የሚገድል ነገር ንብ ነው። ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ባይኖር እንኳ የተቦረቦረ ግንድ ውስጥ መንጋ ሊኖር ይችላል። ከመውጣታችሁ በፊት ቆም ብላችሁ የሚመላለስ ንብ ካለ ተመልከቱ፤ ባለቤቱንም ጠይቁ። የሞተር ጩኸትና ንዝረት ያስቆጣቸዋል። ከተነሱ መጋዙ ይጥፋ፣ ሰውየው በቀጥታ ይውረድና ወደ ቤት ወይም ወደ መኪና ይሩጥ። የተጨፈለቀ ንብ ሌሎቹን የሚጠራ ሽታ ስለሚለቅ ቆሞ መግደል መንጋውን ይጨምራል። መርዙ እየገባ ስለሚቆይ ሾሁን በጥፍር ፋቅ አድርጋችሁ ቶሎ አውጡ። ፊት ካበጠ፣ ድምፅ ከጎረነነ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ አንድ ደቂቃ ሳትጠብቁ ወደ ሕክምና።

የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ያለ ዛፍን በተመለከተ ክርክር የለኝም፦ ከሽቦው 3 ሜትር የማይርቅ ቅርንጫፍ ካለ አትንኩት። ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት 905 ደውላችሁ መስመሩ እንዲቋረጥ አድርጉ፤ በሠፈር የሚያልፈው 15 ወይም 33 ሺህ ቮልት ሊሆን ይችላል፣ እርጥብ ቅርንጫፍም ያስተላልፋል። ሰው ከተያዘ መስመሩ መቋረጡ ሳይረጋገጥ እርሱንም ዛፉንም አትንኩ። ሁለተኛው ሬሳ ብዙ ጊዜ ሊያድን የሮጠው ሰው ነው። ከተቋረጠ በኋላ የማይተነፍስ ከሆነ ጠንካራ ነገር ላይ አስተኝታችሁ የደረቱን መሐል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ግፉ፤ እየተተካካችሁ፣ እርዳታ እስኪደርስ።

አሁን ስለ መቆረጡ። ዛፍ ላይ ያለው ሰው ሲቆረጥ መጀመሪያ መጋዙ ይጥፋ፣ ይጩህ፣ ከዚያ ደሙን ያቁም፤ መውረዱ ከዚያ በኋላ ነው። በጥድፊያ ሲወርድ ራሱን የሚስት ሰው መሐል ላይ ይቀራል። ቱርኒኬቱ ስለዚህ መሬት ያለ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን መታጠቂያው ላይ፣ ሁለቱም እጆች በሚደርሱበት ቦታ ይሰቀል። በግራ እጅ ብቻ ቀኝ ክንድ ላይ፣ በቀኝ እጅ ብቻ ግራ ክንድ ላይ ማሰርን ተለማመዱ።

ደም እየተረጨ ወይም ልብስ እያራሰ የሚፈስ የእጅና የእግር ቁስል ሲሆን ቱርኒኬቱን ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ወደ ልብ በሚቀርበው ወገን አስሩ። ቁስሉ የት እንዳለ ካልታየ በተቻለ መጠን ከፍ አድርጉት። ደሙ እስኪቆም ጠምዝዙ። በጣም ያማል፤ ይጮኻል፤ አትራሩ። ካልቆመ ከላዩ ሁለተኛ ጨምሩ። የታሰረበትን ሰዓት ግንባሩ ላይ ወይም ማሰሪያው ላይ ጻፉ። እየላላ እየጠበቀ የሚደረገው ልማድ ይቅር፤ በተላላ ቁጥር የረጋው ደም እየተነሳ የቀረውን ያፈሳል። ታስሮ ለ2 ሰዓት ያህል ቢቆይ እግሩ በዚህ ምክንያት ይጠፋል ብላችሁ አትፍሩ፤ እናንተ የሚያስፈልጋችሁ 40 ደቂቃ ነው። ዕቃው ከሌለ ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጨርቅና የማይሰበር ዱላ ይሠራል፤ ሽቦና ቀጭን ገመድ ግን ሥጋ ይቆርጣል እንጂ ደም አያቆምም።

ብሽሽት፣ ብብትና አንገት አይታሰሩም። ለብሽሽትና ለብብት ጎዙን በጣት ወደ ቁስሉ ጥልቀት፣ ደሙ ወደሚመነጭበት ድረስ እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ፤ ከዚያ በሁለት እጅ፣ በሰውነታችሁ ክብደት ተጫኑት። መድኃኒት ላለው ጎዝ ቢያንስ 3 ደቂቃ፣ ለተራው 10 ደቂቃ፤ ልይ ብላችሁ አታንሱት። አንገት ላይ ሳታንቁ በቁስሉ ላይ ብቻ ቀጥታ ተጫኑ።

ቡና መነስነስን በሚመለከት ከልቤ እለምናችኋለሁ፦ ተዉት። አመድም፣ ቤንዚንም፣ አፈርም እንደዚያው። የቡናው ዱቄት ወደ ተበጠሰው የደም ቧንቧ አይደርስም፤ ደሙን ሸፍኖ የቆመ ያስመስላል፣ ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ እስኪጨርስ ጊዜ ይበላል፣ ቁስሉንም ይበክላል። ያ እጅ መያዝ ያለበት የቡና ጣሳ ሳይሆን ጎዝ ነው።

ደሙ ከቆመ በኋላ አስተኝታችሁ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ሸፍኑት፤ ከሥሩም አንጥፉለት። የቀዘቀዘ ሰው ደም በደንብ አይረጋም። ውሃም፣ ወተትም፣ አረቄም አይቅመስ፤ ቀዶ ሕክምና ይጠብቀው ይሆናል። ጣት ከተቆረጠ በንጹሕ እርጥብ ጎዝ ጠቅልላችሁ በላስቲክ ቋጥሩት፤ ላስቲኩን በረዶ ባለበት ውሃ ውስጥ አድርጉት፤ በረዶው ጣቱን በቀጥታ አይንካው። ትንሽ ቁስል ቢሆንም ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጤና ጣቢያ ጠይቁ። በአገራችን ክትባቱ በአዋቂነት የሚሰጠው በአብዛኛው ለነፍሰ ጡሮች ስለሆነ ወንዶች ሳይከተቡ ይቀራሉ።

የወደቀን ሰው ተሯሩጣችሁ አታንሱት። አንዱ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ እንዳለ ይያዝ፤ ሌላው ደምና ትንፋሹን ይመልከት። የግድ ማዞር ካለባችሁ ራስ፣ ትከሻና ዳሌ አብረው እንዲዞሩ በአንድ ቃል አዙሩት። ራሱን ስቶ የሚተነፍስ ከሆነና የሚያስታውከው ከሆነ በጎኑ አድርጉት፤ ከአከርካሪው ትንፋሹ ይቀድማል። በባጃጅ አጣጥፎ መውሰድ ለእንዲህ ያለ ሰው አይሆንም፤ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተኝቶ ፒክአፕ ወይም አይሱዙ ላይ ይጫን። ስለዚህ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር በአቅራቢያ መኪና ያለው ማን እንደሆነና ስልኩን እወቁ፤ ኔትዎርክ የሚይዝበትን ቦታ ፈትሹ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 በስልካችሁ ይመዝገብ። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናውንም ቀይ መስቀል ይሰጣልና ቅርንጫፉን ጠይቁ። ሦስታችሁም አብራችሁ ሂዱ፤ የሚያውቀው ሰው ራሱ ሊቆረጥ ይችላል።

ታናሽ ወንድምህን በሚመለከት፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ወጣት ሠራተኞችን ሕይወታቸውንና ጤናቸውን አደጋ ላይ በሚጥል ሥራ ማሰማራትን ይከለክላል። የቤተሰብ ሥራ ነው ብለህ አትለፈው፤ ሰንሰለቱ ዝምድና አይለይም። 18 እስኪሞላው መጋዙን አይያዝ፣ ዛፍም አይውጣ። ከእናንተ ጋር መዋል ከፈለገ ከዛፉ ሁለት ቁመት ርቆ መንገደኛ እንዳይገባ ይጠብቅ፣ ስልኩን ይያዝ፣ አደጋ ሲደርስ ደውሎ አስፋልቱ መገንጠያ ላይ ቆሞ መኪናውን ይምራ። ቱርኒኬት ማሰርና ጎዝ መጠቅጠቅን ግን እንደ እናንተው ይማር፤ የመለማመጃውን ማሰሪያ ለእርሱ ስጠው።